ማመልከቻው ከተላከ በኋላ፦ ኮሌጅን ለመምረጥ መዘጋጀት



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ተማሪው በአሜሪካ ለሚገኙ ስምንት ኮሌጆች ማመልከቻውን ልኮ ጨርሶ ነበር። ጊዜው የታኅሣሥ መጨረሻ ነው። «መምህር፣ ሁሉንም አስገብቻለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ይቀረኛል?» አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «መጠበቅ ብቻ ነው፤ አሁን ሥራው የእነርሱ ነው» ብዬ አሰናበትሁት። መልሴ ስሕተት ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ደብዳቤዎቹን ይዞ ሲመለስ ደግሞ ከመጀመሪያው የከፋ ሁለተኛ ስሕተት ሠራሁ፤ እርሱን በቦታው እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው መልሴ የመነጨው ከለመድነው ሥርዓት ነው። በአገራችን የመሰናዶ ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ የፈተና ውጤቱን ካወቀ በኋላ የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ውጤቱንና ያለውን ቦታ አገናዝቦ ይመድበዋል። ምርጫ ይቀድማል፣ ምደባ ይከተላል። ምደባው ከወጣ በኋላ ተማሪው የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሻንጣ ማዘጋጀትና የአውቶቡስ ትኬት መቁረጥ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪዎቹን በራሱ መመዘኛ መቀበል መጀመሩ አንድ ለውጥ ቢሆንም፣ ያደግንበት ልማድ ግን ያው ነው። «ካስገባሁ በኋላ የእኔ ድርሻ አልቋል» የሚለው ስሜት ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል።

በአሜሪካ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ተማሪው ለብዙ ኮሌጆች ያመለክታል፤ የትኛውን እንደሚያስቀድም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የለም። ኮሌጆቹ በየራሳቸው ቀን ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ፣ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ፣ መራጩ እርሱ ይሆናል። አስገዳጅ በሆነው የቅድሚያ ማመልከቻ ያመለከተ ብቻ ነው ምርጫውን አስቀድሞ አሳልፎ የሰጠው።

የሒሳብና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ጽሑፍ ሳያስታውሱ አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1962 ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ የኮሌጅ ቅበላንና የጋብቻን ጽኑነት አንድ ላይ ያየች፣ ሰባት ገጽ ብቻ ያላት ጽሑፍ በአንድ የአሜሪካ የሒሳብ መጽሔት ላይ አወጡ። የተነሡበት ችግር ዛሬ የምንነጋገርበት ነው። አንድ ኮሌጅ የተወሰነ ቦታ አለው፤ ነገር ግን የመረጣቸው ሁሉ ይመጣሉ ብሎ መተማመን አይችልም። ተማሪው ሌላ የት እንዳመለከተ፣ የትኛውን እንደሚያስቀድም አያውቅም። ስለዚህ ከቦታው በላይ ይቀበላል፤ ሌሎችን በተጠባባቂነት ያስቀምጣል፤ ከዚያ ይገምታል።

የሁለቱ ሊቃውንት መፍትሔ ቀላል ነው። ተማሪዎች ሁሉ መጀመሪያ ለአንደኛ ምርጫቸው ያመልክቱ። ኮሌጁ ከመጡት መካከል የተሻሉትን በቦታው ልክ ለጊዜው ይያዝ፣ ሌሎቹን ያሰናብት። የተሰናበቱት ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይሂዱ፤ ያኛውም ኮሌጅ አዲሶቹን ቀድሞ ከያዛቸው ጋር አወዳድሮ እንደገና ይለይ። የሚንቀሳቀስ ሰው እስኪጠፋ ድረስ ይህ ይቀጥላል። በመጨረሻ «እኔ አንተን እመርጣለሁ፣ አንተም እኔን ትመርጣለህ፤ ግን ተለያይተን ቀረን» የሚባባሉ ተማሪና ኮሌጅ አይገኙም። የአሜሪካ ሐኪሞች ወደ ተለማማጅነት ሆስፒታሎቻቸው የሚመደቡት ከዚሁ ሐሳብ ጋር በሚዛመድ መንገድ ነው። ሻፕሊና በዚሁ መስክ ብዙ የሠራው አልቪን ሮት እ.ኤ.አ. በ2012 የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት አግኝተውበታል፤ ጌል ግን ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ በማረፉ አልደረሰበትም።

ይህን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። ይህ አሠራር የሚሠራው እያንዳንዱ ተማሪ ሐቀኛ የምርጫ ዝርዝር ይዞ ሲገባ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ቅበላ ግን የተማሪውን ዝርዝር ተቀብሎ የሚያስተካክል ማዕከል የለም። ለጊዜው የሚይዘው፣ የሚያወዳድረው፣ የሚያሰናብተው ተማሪው ራሱ በእጁ ነው። ዝርዝሩን ካላዘጋጀ ደብዳቤዎቹ ሲመጡ የሚያወዳድርበት ነገር የለውም፤ መጀመሪያ የደረሰው ወይም ስሙ የገነነው ያሸንፋል። ስለዚህ ለተማሪዬ መስጠት የነበረብኝ መልስ «ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ የአንተ ነው፤ ዝርዝርህን ጻፍ» የሚል ነበር።

ዝርዝር ስል የኮሌጆችን ስም ደረጃ ሰጥቶ መደርደር ማለቴ አይደለም። ስሞቹ በኋላ ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚጻፈው መመዘኛው ነው፤ ይኸውም በዓመት ከኪሳችን ሊወጣ የሚችለው የመጨረሻው መጠን፣ ስመረቅ ልሸከመው የምችለው ዕዳ፣ ልማር የምፈልገው ዘርፍ በሦስተኛና በአራተኛ ዓመት ምን ምን ኮርስ እንዳለው፣ ዘርፍ ብቀይር በሩ ክፍት መሆኑ፣ የምታመምበት ቀን ቢመጣ በቅርብ ርቀት ሰው ያለኝ መሆኑ። ይህን ልብ ሳይሞቅ መጻፍ ያስፈልጋል። «እንኳን ደስ ያለህ» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሚዛኑን ለደብዳቤው አስማምቶ ይሠራዋል፤ ይህን በተማሪዎቼም በራሴም አይቻለሁ።

መረጃው ደግሞ በእነዚያ ወራት ይሰበሰባል። የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት «ኮሌጅ ስኮርካርድ» በሚባለው ድረ ገጹ የየኮሌጁን የምረቃ መጠን፣ ተማሪዎች እንደ ቤተሰባቸው ገቢ በአማካይ የሚከፍሉትን፣ ተመራቂዎች በየዘርፉ የሚያገኙትን ገቢ ያወጣል። አንድ ጥንቃቄ አለው፤ የዋጋና የገቢ አኃዞቹ የተወሰዱት የፌዴራል ድጋፍ ከሚያገኙ ተማሪዎች ነው፤ ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ተማሪ በቀጥታ አይሠሩም። ለእርሱ የሚጠቅመው ብዙ ኮሌጆች በየዓመቱ የሚያወጡት «ኮመን ዳታ ሴት» የተባለው ሰነድ ነው። ረጅምና አሰልቺ ቢሆንም ሁለት ቦታዎቹን ብቻ ማየት ይበቃል። በ«ኤች 6» ክፍሉ ለውጭ አገር ተማሪዎች ድጋፍ መሰጠቱንና ስንት ተማሪዎች በአማካይ ስንት እንዳገኙ ይገልጻል። በ«ሲ 2» ክፍሉ ደግሞ ስንት ሰው በተጠባባቂነት እንደተያዘና ከእነርሱ ስንቱ በመጨረሻ እንደተጠራ ይናገራል። በመጋቢት «በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ነህ» የተባለ ተማሪ ይህችን አንዲት መስመር ቢመለከት ተስፋው ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። ለማንኛውም የተጠባባቂነትን ቦታ መያዝ ሌላ ቦታ ከማረጋገጥ አያግድም፤ ሌላ ቦታ ሳያረጋግጡ መጠበቅ ግን አደገኛ ነው።

ስለ ስም ጉዳይ ጥቂት ልበል፤ ከባልደረቦቼ ጋር የምከራከርበት ነጥብ ነውና። ስታሲ ዴልና አለን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት አንድ ብልህ ጥያቄ አነሡ። የታወቀ ኮሌጅ ተመራቂዎች የተሻለ ገቢ ካላቸው፣ ምክንያቱ ኮሌጁ ነው ወይስ ቀድሞውኑ ጎበዝ የነበሩት ተማሪዎች ናቸው? ይህን ለመለየት በተመሳሳይ ኮሌጆች ተቀባይነት ያገኙ፣ ነገር ግን የተለያየ ምርጫ ያደረጉ ተማሪዎችን አወዳደሩ። በአማካይ፣ እጅግ መራጭ የሆነውን ኮሌጅ ትቶ ወደ ሌላው የሄደው ተማሪ በገቢ የጎላ ጉዳት አልደረሰበትም። ይህን ውጤት ብዙዎች «ስም ዋጋ የለውም» ብለው ይጠቅሱታል። ጥናቱ ግን እዚያ አያቆምም። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡ ተማሪዎች ልዩነቱ ነበር፤ ሁለቱ ተመራማሪዎች በኋላ በሠሩት ተከታይ ጥናትም ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩ ተማሪዎች በመራጭ ኮሌጅ ተጠቅመው ተገኝተዋል። እንግዲህ ለእኛ ልጆች «ስም አትዩ» ብሎ መምከር ቀላል አይደለም። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ስም ይታይ፤ ነገር ግን ዋጋው ከታወቀ በኋላ ይታይ። ስም ከዋጋ ቀድሞ ሲታይ ዋጋውን ይደብቀዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተቴ ልመለስ። ተማሪዬ በመጋቢት መጨረሻ ሁለት የቅበላ ደብዳቤዎችና አንድ የተጠባባቂነት ደብዳቤ ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ኮሌጅ በዓመት 40,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ሰጥቶታል፤ ሁለተኛው 21,000። እኔ ተነሥቼ ጨበጥሁት፤ «አርባ ሺሕ ዶላር! ምን ያጠራጥራል?» አልሁት። በመጀመሪያው ኮሌጅ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ፣ ማለትም የትምህርት ክፍያው፣ መኝታው፣ ምግቡ፣ የጤና መድኅኑና መጽሐፉ፣ 76,000 ዶላር እንደነበር አላየሁም። የሁለተኛው 39,000 ነበር። ሲቀናነስ በመጀመሪያው 36,000፣ በሁለተኛው 18,000 ዶላር በዓመት ይቀራል። ቤተሰቡና አሜሪካ ያለው አጎቱ ተባብረው ሊከፍሉ የቻሉት 20,000 ነበር። «የቀረውን እዚያ ሠርቶ ይሞላዋል» ተባባልን። ልጁ ሄደ። በሦስተኛው ሴሚስተር መጨረሻ ትምህርቱን አቋርጦ ተመለሰ። ዛሬ እዚሁ አገር ተምሮ ተመርቋል፣ ሥራም ይዟል፤ ይህን ታሪክ እንድናገር የፈቀደልኝም እርሱ ነው። የጠፋው አንድ ዓመት ተኩልና የአጎቱ ገንዘብ ግን በእኔ ጭብጨባ ጭምር የጠፋ ነው። የመቀነስ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው መቀነስ ረሳ።

ስለዚህ በደብዳቤው ላይ ትንሽ ልቆይ። መታየት ያለበት አኃዝ የተጣራው ዋጋ ነው፤ ከዓመቱ ጠቅላላ ወጪ የማይመለሰው ድጋፍ፣ ማለትም ስጦታውና ስኮላርሺፑ ብቻ፣ ሲቀነስ የሚቀረው። ይህ ቀላል ይምሰል እንጂ ደብዳቤዎቹ እንዲህ አድርገው አይጽፉትም። የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት አካል የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት 91 በመቶ የሚሆኑት ኮሌጆች በድጋፍ ደብዳቤያቸው ላይ የተጣራውን ዋጋ ወይ ጭራሽ እንደማይጽፉ፣ ወይም አሳንሰው እንደሚጽፉ ገምቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2018 ኒው አሜሪካና ዩአስፓየር የተባሉ ተቋማት ባደረጉት ጥናት ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን የሚቆጠረውን አንድ የፌዴራል ብድር 455 ኮሌጆች በ136 የተለያዩ ስሞች ሲጠሩት ተገኝቷል፤ ከእነዚህም 24ቱ ስሞች «ብድር» የሚለውን ቃል እንኳ አልያዙም። ደብዳቤውን የሚያነበው የ18 ዓመት ልጅ ነው፤ አንዳንዴም ለእናቱ እየተረጐመ።

በደብዳቤው ላይ «ሽልማት» በሚል አንድ ርእስ ሥር ጎን ለጎን የሚሰለፉት ነገሮች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የማይመለስ ስጦታ ነው። ሁለተኛው ብድር ነው፤ ከዋጋው ላይ አይቀንስም፣ ክፍያውን ወደ ፊት ያስተላልፋል፣ ወለድም ይጨምርበታል። ሦስተኛው የሥራ ድልድል ነው፤ ተማሪው በግቢው ውስጥ ሥራ ካገኘና በሰዓቱ ከሠራ በየጊዜው የሚከፈለው ደመወዝ ነው። በመስከረም ክፍያ ሲጠየቅ ይህ ገንዘብ ገና አልተሠራም። ሦስቱን ደምሮ «ይህን ያህል ተሰጠኝ» ማለት ደመወዝን፣ ዕዳንና ስጦታን በአንድ ከረጢት መክተት ነው።

ሌላው ጊዜ ነው። ደብዳቤው የአንድ ዓመት ነው፤ ትምህርቱ የአራት። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ ይታደሳል ወይ? ለመታደስ ስንት አማካይ ውጤት ይጠይቃል? ክፍያው ሲጨምር አብሮ ይጨምራል ወይስ ባለበት ይቆማል? በምሳሌ እንየው። ወጪው 50,000 ዶላር፣ የማይለወጥ ስኮላርሺፑ 30,000 ዶላር ይሁን፤ ወጪው በየዓመቱ 4 በመቶ ይጨምር። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት 20,000፣ በሁለተኛው 22,000፣ በሦስተኛው 24,080፣ በአራተኛው 26,243 ዶላር ይከፍላል። በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ ብቻ 80,000 ይበቃል ያለ ቤተሰብ 92,323 ይጠየቃል። ልዩነቱ 12,000 ዶላር አልፏል፤ ይህም የሚመጣው ልጁ ሊመረቅ ሲቃረብና ወደ ኋላ መመለስ እጅግ ሲከብድ ነው።

ከዚህ ከአገር ቤት ለሚሄደው ተማሪ ጉዳዩ ይጠብቃል። የፌዴራሉ ስጦታም ሆነ ብድር ለእርሱ አይሰጥም፤ ያለው ኮሌጁ ከራሱ የሚሰጠው ብቻ ነው። ቅበላ ሲወስኑ የአመልካቹን የገንዘብ ችግር የማያዩ፣ ለውጭ አገር ተማሪም የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚሸፍኑ ኮሌጆች አሉ፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲና አምኸርስት ከእነዚህ ናቸው፣ ዳርትመዝና ቦውደንም እ.ኤ.አ. በ2022 ተጨምረዋል። ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው፤ የሚቀበሉትም ሰው ጥቂት። ለሌላው ተማሪ ኮሌጁ ለቪዛ የሚያስፈልገውን የ«አይ 20» ቅጽ ከመላኩ በፊት የገንዘብ ማስረጃ ይጠይቃል። ያ ማስረጃ በዋናነት የሚያሳየው የመጀመሪያውን ዓመት ነው። ቅጹ ስለ ሁለተኛው ዓመት ዝም ይላል፣ ኤምባሲው ቪዛውን ይመታል፣ ቤተሰብም «አልፏል» ብሎ ይደሰታል። «ሠርቶ ይሞላዋል» የሚለው ተስፋ ደግሞ ሕግ የሚወስነው ተስፋ ነው፤ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ትምህርት በሚካሄድበት ወቅት ሊሠራ የሚችለው በግቢው ውስጥ፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው። ለተማሪዬ በየዓመቱ ይጎድለው የነበረውን 16,000 ዶላር በዚህ ሰዓት ማግኘት የሚችል ሰው አላውቅም።

በዚህ ላይ የብር ምንዛሪ አለ። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 1,140,000 ብር ያጠራቀመ ቤተሰብ በ57 ብር ሒሳብ 20,000 ዶላር አለው፤ በ114 ብር ሒሳብ 10,000። ገንዘቡ አንዲት ሳንቲም ሳትወጣለት ግማሹ ጠፋ። በብር የሚተማመን ቤተሰብ የአራት ዓመት ሒሳቡን ሲሠራ ይህ እንደገና ሊሆን እንደሚችል ቆጥሮ መሥራት አለበት። ኮሌጁንም «የአገሬ ገንዘብ ዋጋ ቢወድቅ ድጋፉን እንደገና ታዩልኛላችሁ ወይ?» ብሎ ከመሄድ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ነውር የለበትም። የአብዛኛው ኮሌጅ መልስ «የውጭ አገር ተማሪ ድጋፍ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ አይጨመርም» የሚል ነው፤ ይህን በሚያዝያ መስማት በሁለተኛው ዓመት ከመስማት ይሻላል።

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሁኔታ ሌላ ነው። ለአንድ ዓመት በጎብኚ መምህርነት በቆየሁበት ጊዜ በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብዳቤ ይዘው የሚጠብቁኝ ወላጆች ነበሩ። ልጆቻቸው ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል ድጋፍ ቅጽ ሞልተዋል፤ የወላጆቻቸውን ገቢ የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው፣ ወላጆቹም የልጆቹን ደብዳቤ በሙሉ አያነቡም። አንድ አባት፣ ታክሲ የሚነዱ፣ «ልጄ ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘች» ብለው ደብዳቤውን ሰጡኝ። ሒሳቡ በእርግጥ ዜሮ ላይ ይወርዳል። ነገር ግን ከመስመሮቹ አንዱ፣ ትልቁ፣ «ፔረንት ፕላስ» ይላል፤ በወላጅ ስም የሚወሰድ ብድር ነው። ያልተፈረመ፣ ገና ያልተጠየቀ ብድር እንደ ሽልማት ተጽፎላቸዋል። እኒህ አባት ያን ጊዜ ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ልጅቱ ይህን አታውቅም ነበር ለማለት አልደፍርም፤ የደስታቸውን ቀን ማበላሸት ግን አቃታት። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ «አባዬ፣ ስንት መክፈል ትችላለህ?» ብሎ መጠየቅ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ አባትን በችሎታው መመዘን ይመስላል። ለዚህ ነው ንግግሩ በጥር መሆን አለበት የምለው፤ የትኛውም ኮሌጅ ስም ገና በጠረጴዛው ላይ በሌለበት፣ ስለ ገንዘብ ብቻ መነጋገር በሚቻልበት ጊዜ።

ለመረጃ ያህል፣ በፌዴራል ሕግ በወላጅ የሚደገፍ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመት በራሱ ስም ሊበደር የሚችለው እስከ 5,500 ዶላር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ብድር ሁሉ የወላጅ ወይም የግል አበዳሪ ነው። የወላጁ ብድር ለብዙ ጊዜ እስከ ጠቅላላው ወጪ ድረስ ክፍት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች በአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በአጠቃላይ 65,000 ዶላር ጣሪያ አድርጎበታል። የእኒያ አባት ልጅ በመጨረሻ የሄደችው በአቅራቢያዋ ወዳለ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ነው፤ ሁለት ዓመት ከቤቷ እየተመላለሰች ተምራ ወደ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች። ይህን መንገድ ብዙ ወገኖቻችን እንደ ውርደት ያዩታል። እኔ ግን ከብዙ «ሽልማቶች» የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አስቀድሞ የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠርላት በጽሑፍ ማረጋገጧን ሳንረሳ።

ደብዳቤው የመጨረሻ ቃል አይደለም። የቤተሰቡ ሁኔታ ከተለወጠ፣ ሥራ ከጠፋ፣ ሰው ከታመመ፣ ቅጹ ላይ ያለው ገቢ ዛሬ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ፣ ለድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ ማስረጃ አያይዞ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። እኛ ይህን እንደ ልመና ወይም እንደ ድርድር እናየውና እናፍራለን። የተለመደ የቢሮ ሥራ ነው። አጭር ደብዳቤ፣ አንድ ግልጽ ምክንያት፣ አንድ ግልጽ አኃዝ ይበቃል፤ «ይህን ያህል ቢጨመርልኝ እመጣለሁ» ማለት የሚቻለው ግን በእውነት የሚመጣ ሰው ብቻ ነው።

የመልስ ቀኑ በልማድ ሜይ 1፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ነው። በዚያ ቀን ተማሪው ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ማስያዣ ከፍሎ ሌሎቹን ያሰናብታል፤ ማስያዣው አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ለሁለት ኮሌጆች መክፈል የሌላውን ተማሪ ቦታ መያዝ ነው፤ ኮሌጆቹም ካወቁ ቅበላውን ሊሰርዙ ይችላሉ። የቅበላ ባለሙያዎች ማኅበር ኮሌጆች ከዚህ ቀን በኋላ ሌላ ቦታ ያረጋገጠን ተማሪ እንዳያባብሉ ይከለክል ነበር፤ የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት «ይህ ውድድርን ይገድባል» ብሎ በመቃወሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ክልከላው ተነሣ። ስለዚህ ዛሬ በግንቦት አጋማሽ «አምስት ሺሕ ዶላር ጨምረንልሃል» የሚል ጥሪ ሊመጣ ይችላል። በጥር የጻፈው መመዘኛ በእጁ ያለ ተማሪ ይህን ጥሪ በአሥር ደቂቃ ይመልሰዋል፤ የተጣራውን ዋጋ አራት ዓመት አባዝቶ ያያል፣ እሺ ወይም አይሆንም ይላል።

ከዚያ ተማሪዬ ወዲህ በታኅሣሥ ወደ ቢሮዬ ለሚመጣ ሁሉ አንድ ባዶ ወረቀት እሰጣለሁ። ከላይ «በዓመት ከቤታችን የሚወጣው» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ከጎኑ ያለውን ቦታ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ሞልቶት እንዲመጣ እነግረዋለሁ። ባለፈው ዓመት ከወሰዱት ሰባት ተማሪዎች አራቱ ሞልተው መጡ። አንዷ ከቁጥሩ በታች የእናቷን ፊርማ አስፈርማበት ነበር፤ ይህን እኔ አላዘዝሁም። በመጋቢት ሁለት ደብዳቤ ሲደርሳት አንደኛውን ሳታሳየኝ መልሳ ነበር፤ ለምን እንደመለሰችው ስጠይቃት ወረቀቱን አውጥታ በቁጥሩ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።